ጃርቲ ለምን ዘይት ትተፋለች፦ ከአምቦ እስከ ካቺሲ

የሄድኩት ለአምስት ቀን ነበር። ይዤ የሄድኩት ትዕግስት ግን ለአንድ ቀን እንኳን አይበቃም ነበር። ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ላላችሁ ሰዎቼ ነው። "ጊንደበረት የት ነው?" ብላችሁ ጠየቃችሁኝ፣ መልሴን ሳትሰሙም "በዚያ ብርድ!" አላችሁ። አውቃችኋለሁ፣ መቼም አትሄዱም። ስለዚህ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሰባት ወር ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትንሽ የጥገና ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። በሁለተኛው ወር አለቃዬ ጠራኝ። አንድ እርዳታ ሰጪ ለጊንደበረቷ ከተማ ለካቺሲ የሰጣት ባለ አራት ጎማ ሞተር አለች። መሪዋ የሞተር ሳይክል ነው፣ ጎማዎቿ አራትና ወፋፍራም ናቸው፣ ከኋላ ትንሽ ተጎታች ትስባለች። በመተንፈሻዋ ቱቦ ዘይት ትተፋለች አሉ።

"ሂጂና እዪያት" አለኝ። "ትንሽ ነገር ከሆነ ሥሪ። ፋሻዋ ካለቀ ግን እንዳትነኪያት። ደውዪልኝ፣ አይሱዙ ልኬ አስመጣታለሁ። ሰጪዎቹ ለሌላ ቦታ ይፈልጓታል።"

ፋሻ የሚባሉት ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች ናቸው። ሲያልቁ የሚነደው ጋዝ በጎናቸው ሾልኮ ወደ ታች ወደ ዘይቱ ቤት ይወርዳል። እዚያ ይታመቅና ዘይቱን ይዞ በመተንፈሻው ይወጣል። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ስለዚህ ገና አስኮ መናኸሪያ ሳልደርስ መልሱን አውቄው ነበር።

ሰኞ

የድሬ ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮት መክፈት ነው። ከፈትኩ። መኪናው በሙሉ ባንድ ድምፅ "ዝጊው!" አለኝ። እስከ አምቦ ድረስ ደግሜ አልነካሁትም።

መንገዱ ጥሩ ነው። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፈን ስንሄድ ዓይኔ ከውጭ አልተነቀለም። አፈሩ ጥቁር ነው፣ እንደ ተቃጠለ ዘይት ጥቁር። የጤፍ ክምሩ ቤት ያክላል። እኛ ጋ ግመል ያልደረሰበት ቅጠል ብርቅ ነው፣ እዚህ ከብቱ ሳር ላይ ተኝቶ ያመነዥካል። ጎኔ የተቀመጡትን ሰውዬ "ይሄ ሁሉ የማን ነው?" አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው "የገበሬው ነዋ" አሉኝ።

አምቦ የሄድኩት ለማህተም ነው። ዞኑ ያላተመበት ደብዳቤ ካልያዝኩ ካቺሲ ሞተሯን አያስነኩኝም ተብያለሁ። ማህተሙን የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። "መቼ ይወጣል?" ስል "ሲያልቅ" ተባልኩ። ኮሪደሩን ስመላለስበት አንዲት ጸሐፊ ከወረቀቷ ቀና ብላ፦

"ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ! ሂጂ ውሃውን አይተሽ ነይ። ማህተሙ አይሸሽሽም።"

ሄድኩ። ውሃው ከድንጋይ ስር እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። አቦ፣ ጋዙን ማንም አልሞላበትም! ኮምፕረሰር የለ፣ ምን የለ። ቁጢጥ ብዬ አረፋውን ሳየው ቆየሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ግፊት ተምሬ ይህን ቆሜ አይቼ አላውቅም። መሬትም መተንፈሻ አላት ለካ። ስመለስ ማህተሙ ተመትቶ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ። ሰውዬው የወጣው እኔ ስሄድ ነው።

ከመለዋወጫ ሱቅ ሁለት ሊትር ዘይትና አንድ ካንዴላ ገዛሁ። ባለ ሱቁ ነገሩን ሲሰማ "በመተንፈሻ? ፋሻ ነው፣ አትድከሚ" አለኝ። ደስ አለኝ። ሁለት ሆንን ማለት ነው። ማታ ቆጮ በአይብ በላሁ። እናቴ ብታየው "ይሄ ዛፍ ነው የሚበላው?" ትለኝ ነበር። ዛፍም ከሆነ ደገምኩት።

ማክሰኞ

የካቺሲ መገንጠያ ጊንጪ ነው። ትናንት ያለፍኩበትን መንገድ ዛሬ ተመልሼ መጣሁበት። ለአንዲት ክብ ማህተም! ሚኒባሱ እስኪሞላ ስጠብቅ ሦስት ሰው ተጣላሁ፣ ከሦስቱ አንዱ ራሱ ሾፌሩ ነበር።

ከጊንጪ ወደ ጎጆ መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ድንጋይ ነው። መሃል ላይ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ሾፌሩ መንፊያ ፍለጋ ሰው ላከ። ሌላው ተሳፋሪ ሳሩ ላይ ተቀምጦ ወሬ ጀመረ፣ ቆሎ ተዘዋወረ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። "በእግሬ እሄዳለሁ" ብዬ ቦርሳዬን አንግቤ ተነሳሁ።

አንዲት ሴትዮ "ጎጆ በእግር?" አለችኝ።

"በእግር!"

በእግሬ የድሬዳዋ ሰንደል ነው፣ በላዬ ቀጭን ሹራብ። ግማሽ ሰዓት ሄጄ አንዱ ማሰሪያ ተበጠሰ። ንፋሱ ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሰንደሌን በክር ሳስር ሚኒባሱ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ቦታዬ ባዶውን ነው፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ "ኢንጂነር፣ እኛ ወደ ጎጆ ነን፣ ትሄጃለሽ?" ሲል መኪናው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ጎጆ ከተማ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። አልጋ ያከራየችኝ ሴት እትዬ አስካለ ትባላለች። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፦

"በዚህ ልብስ ነው ጎጆ የመጣሽው? እናት የለሽም?"

"አለችኝ። ድሬ ናት። ጃኬት አይታ አታውቅም።"

የባሏን ካፖርት አምጥታ አለበሰችኝ። ከድስቱ የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀረበችልኝ። ዳጣው አስለቀሰኝ፣ እሷ "አሁን ሞቀሽ" አለች። ስጨርስ ሁለት ትኩስ ድንች ከነልጣጩ አወጣችና በካፖርቱ ግራና ቀኝ ኪስ ከተተችልኝ።

"ጠገብኩ እኮ፣ እትዬ።"

"ማን ብዪ አለሽ? ያዢው።"

ኪሴ ውስጥ እጄን ሰድጄ ድንቹን ጨብጬ ተኛሁ። እኛ ጋ ለእንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚቀርበው፣ እዚህ ሙቀት በእጅ ይሰጣሉ። ካፖርቱን ጠዋት ልመልስ ስል "ስትመለሺ" አለችኝ። ስሜን እንኳን አልጠየቀችኝም ነበር።

ረቡዕ

ካቺሲ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። መናኸሪያው ጋ አንድ ረዘም ያሉ፣ ሸበቶ ሰው ከዘራ ይዘው ቆመዋል። አጠገባቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሊሴ አለች፣ በስልክ ያወራኋት እሷን ነው።

"ኦቦ ደበላ አንተ ነህ?" አልኩ።

ለሊሴ ከንፈሯን ነከሰች። ዙሪያው ያለው ሰው ዞሮ አየኝ። ድሬ ሁላችንም አንተ ነን፣ አባትም ከንቲባም። እዚህ እንዲህ እንዳልሆነ በሰዉ ፊት ላይ አየሁት። ሽማግሌው ግን ሳቁ።

"ድሬ ነሽ! ወታደር ሆኜ ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ። እዚያ ለአዛዣችንም አንተ ነበር የሚሉት። እንዳትለውጪብኝ፣ ወጣትነቴ ትዝ አለኝ።"

እናም አልለወጥኩም።

ሞተሯ የምትኖረው በእሱ ግቢ ነው፣ ከቤቱ ጎን በተሠራላት ዳስ። ብርድ ልብስ ለብሳለች፣ እውነተኛ የሰው ብርድ ልብስ። ስሟ ጃርቲ ነው፣ አሮጊቷ እንደማለት፣ ስለምታስል። ተጎታቿ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል።

ፍራሹ ለምን እንደሆነ ለሊሴ ነገረችኝ። ከከተማው ጫፍ ካለው ገደል በታች ያሉት ቀበሌዎች መንገዳቸው አምቡላንስ አያስገባም። ድሮ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወጣው፣ ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸክመዋት፣ አራት ሰዓት አምስት ሰዓት። ጃርቲ ከመጣች ወዲህ ያ ቀረ።

"አሁን ግን ዳገቱ ላይ ጉልበት ታጣለች" አለች ለሊሴ። "ባለፈው ወር አንዷን ይዘን መሃል ላይ ቆመችብን። የቀረውን በቃሬዛ ጨረስን። እናትየው ተረፈች። ግን ከዚያ ወዲህ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ማንሳት እፈራለሁ። ሥሪያትና ሂጂ እሺ?"

አስነሳኋት። ከጭስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታዋ፣ ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ። የመተንፈሻዋ ቱቦ ጫፍ ዘይት ያንጠባጥባል። የአየር ፊልትሮዋን ስከፍት እንደ ወጥ ድስት ዘይት ተኝቶበታል።

"ዘይት አላት?" አልኩት ኦቦ ደበላን።

"ሙሉ ነው!" አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

"እሺ።"

ይቺን "እሺ" ያዙልኝ። የዘይቱን ዘንግ መዝዞ ማየት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። አልመዘዝኩትም። መልሱን ከአዲስ አበባ ይዤው መጥቼ የለ? እዚያው ቆሜ ለአለቃዬ ደወልኩ።

"ፋሻ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"መቶ በመቶ።"

"አርብ መኪና ይደርሳል።"

ዘወር ብዬ ነገርኳቸው። ትወሰዳለች አልኩ። ለሊሴ ቦርሳዋን አነሳችና ሄደች። ኦቦ ደበላ ሞተሯን አጠፋና ብርድ ልብሷን መልሶ አለበሳት፣ ጠርዙን ከጎማዋ ስር እየወተፈ። ሚስቱ አዴ ጫልቱ ጭኮ በሳህን ይዛ መጣች፣ ገብሱ በቅቤ ርሶ የሚያብረቀርቅ። ሞተራቸውን ላስወስድባቸው ለመጣሁት ሴት! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጭኮው ጣፋጭ ነው፣ ሳህኑን ግን ሳልጨርስ መለስኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ለሊሴ ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደችኝ። "ቢያንስ የምትወስጂያት ከየት እንደሆነ እዪ" አለችኝ።

ከተማውን ትንሽ እንዳለፍን ሜዳው በአንድ ጊዜ አለቀ። አለቀ ስላችሁ እንደ ጠረጴዛ ጫፍ ነው። ከስር ሌላ አገር አለ፣ ከዚያ ስር ሌላ፣ ከዚያ ስር ጉሙ፣ ጉሙ ውስጥ የዓባይ ሸለቆ። አሞራ ከእግሬ በታች ይበራል። የአሞራ ጀርባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግድግዳው ላይ ክር የምታክል መንገድ ወደ ታች ትሄዳለች፣ መጨረሻዋ ላይ የቤቶች ጭስ ይታያል። እኔ ተራራ የማውቀው ከሩቅ፣ ከባቡር ጣቢያው ሆኜ፣ ቡናማና ደረቅ ነው። እዚያ ላይ ምጥ የያዛት ሴት በትከሻ መውጣቷን ሳስብ ከአፋፉ ወደ ኋላ ሸሸሁ። "መቶ በመቶ" ያልኩት ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

ወደ ግቢው ስንመለስ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ቆሟል። ሚስቱ እሁድ ወልዳለች፣ ያመጣቻት ጃርቲ ናት፣ ሁለት ጊዜ እየቆመችም ቢሆን። የዘይት ጠርሙስ ይዟል። ኦቦ ደበላ የሞተሯን የዘይት መሙያ ከፈተ። ከኪሱ አንዲት የአረቄ መለኪያ አወጣ። ሞላት፣ ከፍ አደረጋት፣ በኦሮምኛ መረቀ፣ ሰውዬው "ሃ ታኡ" አለ፣ ይሁን እንደማለት። ከዚያ መለኪያዋን ሞተሯ ውስጥ ገለበጣት።

"ቆይ ቆይ ቆይ!" ብዬ ጮህኩ። "ምንድነው እሱ?"

"ዘይት ነዋ።"

"ትናንት ሙሉ ነው አላልከኝም?"

"ሙሉ ነው። ይሄ ድርሻዋ ነው።"

"የማን ድርሻ?"

"የጃርቲ!" አለ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ። "እናቲቱ ወልዳ ቅቤ ተቀባች፣ ማርቃ፣ የአራስ ገንፎዋን፣ በላች። የተሸከመቻትስ? ደረቋን ትደር?"

ለሊሴን አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች። "ለአንድ ልጅ አንድ መለኪያ ነው። ሁሉም አባት ያመጣል። እኔ የሞተር ነገር ምን አውቃለሁ?"

አዴ ጫልቱ ከበሩ ሆና ጨመረችበት። "መለኪያዋ የሱ ነበረች። ጴንጤ ሲሆን አረቄ ተወ፣ እሷም ሥራ ፈታች። ልጥላት ስል ለጃርቲ ትሁን አለ።"

"ዘይቷ መጨረሻ የተቀየረው መቼ ነው?"

"ለመስቀል።"

ጊዜው ጥር ነው። "ከመስቀል ወዲህ ስንት ልጅ ተወለደ?"

ኦቦ ደበላ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ በስም። ጣቱ ሲያልቅ የሰውዬውን እጅ ይዞ ቀጠለ። እኔ ልሰማው አልቻልኩም። ዘንጉን መዝዤ ነበር። ዘይቱ እስከ አንገቱ ነው፣ ልኩን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ሰምጠው ጠፍተዋል።

ድስት እስከ አፉ ሞልታችሁ ስታፈሉ ምን ይሆናል? ይገነፍላል። የጃርቲም ነገር ይሄ ነው። ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ይመታዋል፣ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋው መውጫ ሲያጣ በመተንፈሻው ወደ ፊልትሮው ይሄዳል። አየር ታጣለች፣ ታስላለች፣ ጉልበት ታጣለች። ስትተፋ ሲያዩ ደግሞ "ተርቧት ነው" ብለው ይጨምሩላታል። በምስጋና ጎርፍ እየሰጠመች ነበር። አንድ ሰው ልኩን ማየት ነበረበት፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ጃርቲን ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቆምናት። ማፍሰሻ ብሎኗን ፈትቼ ዘይቱን በሙሉ ንጹህ ጄሪካን ውስጥ አወረድኩ። ልኳን በሊትር ጠርሙስ ለየሁ። ትርፉን ኦቦ ደበላ በመለኪያዋ ልስፈረው አለ። አንዷን ሲሞላ "የጫላ" አለ። ቀጥሎ "የዲንቂቱ ሴት ልጅ"። "የመንታዎቹ አንደኛው። ሁለተኛው።" ጥቁር ዘይት ነው የሚሰፈረው፣ ባለ ጋቢው ሰውዬ ግን በእያንዳንዱ ስም "ሃ ታኡ" ይላል። አሥራ አራት ላይ ጄሪካኑ አለቀ።

"ሌሎችስ?" አለች ለሊሴ። "ከዚያ ይበልጣሉ እኮ።"

"ሌሎቹን ተፍታቸዋለች" አልኩ። ማንም አልሳቀም፣ እኔም ለቀልድ አልነበረም።

ፋሻው ደህና ለመሆኑ ግን ገና ማረጋገጫ አልነበረኝም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ፊልትሮውን በቤንዚን አጠብኩ፣ ቱቦውን ጠረግሁ፣ አዲስ ዘይት በልኩ አደረግሁ። መሣሪያ ስለሌለኝ ለሊሴን የማዋለጃ ጓንት ለመንኳት። ጓንቱን የመተንፈሻው ጫፍ ላይ በክር አሰርኩት።

"ፋሻዋ ካለቀ ጓንቱ ተነፍቶ ይወጠራል፣ አይመለስም" አልኳቸው። "ደህና ከሆነ ትንሽ ያነሳል፣ ይጥላል።"

ኦቦ ደበላ አስነሳት። መጀመሪያ የቀረው ዘይት ጨሶ እስኪያልቅ ጠበቅን። ከዚያ ጓንቱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። አምስቱም ጣት ቆመ። ወደቀ። ቆመ፣ ወደቀ። እንደተኛ ሕፃን ሆድ። ነዳጅ ስሰጣት ፈጠን ብሎ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልተወጠረም። ጭሱ ጠፋ።

ኦቦ ደበላ ጎንበስ ብሎ የጓንቱን ጣቶች ጨበጠ። "አካም ጂርታ፣ ጃርቲ" አላት። ደህና ነሽ ወይ ማለት ነው። ለሊሴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ለአለቃዬ ደወልኩ፣ እጄ ዘይት ስለሆነ ስልኩን አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አድርጌ። "ተሳስቻለሁ" አልኩት። "ፋሻ አይደለም፣ ዘይት በዝቶባት ነው።"

"ትናንት መቶ በመቶ አላልሽም?"

"ዘንጉን አልመዘዝኩም ነበር።"

"መኪናው መንገድ ጀምሯል። ስሚ፣ ያ መኪና ባዶውን ከተመለሰ ኮንትራትሽን እርሺው።"

ዘጋው። ግቢው በሙሉ ሰምቷል።

አርብ

አይሱዙው የደረሰው ጠዋት ነው። ሾፌሩ ትልቅ ሰው ነው፣ ድካም የተጫነው። "እኔ የታዘዝኩት ጫን ነው፣ ፋሻ ምናምን አላውቅም" አለኝ። እየተጨቃጨቅን ሳለ የለሊሴ ስልክ ጮኸ። ከታች ነው። ፈይሳ የሚባል ሰው ነው፣ ሚስቱን ምጥ ይዟታል፣ የመጀመሪያ ልጅ።

ማንም ሾፌሩን አላስፈቀደም። ኦቦ ደበላ መሪውን ያዘ፣ ለሊሴ ተጎታቹ ላይ ወጣች። እኔ የመተንፈሻው ጫፍ ላይ ነጭ ፋሻ፣ የቁስሉን ፋሻ፣ ዘይት ከተፋች እንዲታይ ጠመጠምኩና ከኦቦ ደበላ ኋላ ተቀመጥኩ። ያቺን ክር የምታክል መንገድ ወርደን ፈይሳ ደጃፍ ደረስን። ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር የነገርኳችሁን ገደል ከመሃሉ አላየሁትም። ይቅርታ።

ስንመለስ ግን ጨፍኜ አልነበረም። ሴትየዋ ፍራሹ ላይ የለሊሴን እጅ ጨብጣ፣ ፈይሳ ከኋላ እየሮጠ፣ ጃርቲ ዳገቱን ያዘችው። ባለፈው ወር የቆመችበት ጥምዝ ላይ ስንደርስ ኦቦ ደበላ ጸሎት ጀመረ። እኔ የሞተሩን ድምፅ ነበር የማዳምጠው፣ እያንዳንዷን ምት። አላሳለችም። ጥምዙን አለፈችው። ግድግዳው በግራችን ወረደ፣ ጉሙ ወረደ፣ አሞራዎቹ እንደገና ከበታቻችን ሆኑ። ሰው ዘመኑን ሁሉ ትከሻው ላይ ሲያወጣ የኖረውን አንዲት ትንሽ ብረት፣ ቡጢ በሚያክል ፒስተን፣ ታወጣዋለች። ሞተር ተምሬ ሞተርን ያየሁት ያን ቀን ነው።

የጤና ጣቢያው በር ላይ፣ እኛን ሊጠብቅ የመጣው አይሱዙ መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ሾፌሩ ሲያየን ራሱ ዘሎ ገባና ገለል አደረገው። ሴትየዋ ገባች። እኔ ነጩን ፋሻ ፈትቼ ለሾፌሩ ሰጠሁት። ምስር የምታክል አንዲት የዘይት ነጥብ አለችበት፣ ሌላው ነጭ ነው። ሾፌሩ ገለባብጦ አየው።

"በያት ዳገት?"

"በያት ዳገት።"

"እኔ እሷን አልጭንም" አለ። "ግን አለቃሽ ባዶ እንዳልመጣ ብሏል።"

መልሱን ይዛ የመጣችው አዴ ጫልቱ ናት፣ ራሷ ላይ የገብስ ከረጢት ተሸክማ። ከኋላዋ ሌሎች፣ ድንች፣ ዱባ፣ አንድ ቅል ማር፣ ሁለት ዶሮ፣ በመጨረሻም አንድ የሚጮህ በግ። የአይሱዙው ጀርባ ላይ ይደረድሩ ጀመር።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አልኩ።

"ትናንት በስልክ ሰማነው እኮ" አለች አዴ ጫልቱ። "በኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ይሄን ንገሪው።"

ከመሄዴ በፊት ከኦቦ ደበላ ጋር አንድ ነገር ቀረን። "አባቶቹ ይመጣሉ" አለኝ። "ዘይት ይዘው ይመጣሉ። አልቀበልም ልበላቸው? ልጅ የተወለደለትን ሰው?" ፊቱን ሳየው አይሆንም ማለት እንደማይችል ገባኝ። ጃርቲን ዞርኳት። ከኋላ ጎማዋ ጋ ካቴናዋ ደርቆ፣ ዝጎ፣ አቧራ ለብሷል። በዘይት ብዛት የምትሰጥመው ሞተር፣ ውጪዋ ደረቅ ነው።

"እዚህ" አልኩት። "ጥቂት ጠብታ ካቴናዋ ላይ። ቀቧት። የቀረውን ጄሪካን ውስጥ አስቀምጥላት፣ ዘይት ሲቀየር ትወስደዋለች። ውስጧ ግን ዘንጉ ሳይመዘዝ ጠብታ አይገባም።"

"መቀባት ነው እንግዲህ" አለ፣ ካቴናውን በጣቱ እየነካ። "ይሄ ይሻላል።"

በአይሱዙው ተሳፍሬ ስመለስ ጎጆ ላይ ለእትዬ አስካለ ካፖርቷን መለስኩ፣ ኪሱ ውስጥ ሁለት የካቺሲ ድንች ከትቼ። ጥሬ መሆናቸውን አይታ ሳቀችብኝ። ከጎጆ እንደወጣን ስልኬ ጮኸ፣ ለሊሴ ናት።

"ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ፈይሳ ጠርሙስ ይዞ ግቢው ቆሟል፣ ኦቦ ደበላ እንድትሰሚ ይፈልጋል።"

ስልኩን አስጠጋችው። መለኪያዋ ከጠርሙሱ ጋር ስትጋጭ ሰማሁ። ኦቦ ደበላ ረጅም ምርቃት መረቀ፣ ከፊሉ ገባኝ፣ ከፊሉ አልገባኝም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ፈይሳን "እዚያ አይደለም፣ ካቴናዋ ላይ። ዘንጉን መጀመሪያ አይቻለሁ፣ ልኳ ላይ ናት" አለው።

"ሃ ታኡ" አሉ ብዙ ሰዎች። አይሱዙው ጀርባ በጉ ጮኸ። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ "አሜን" አለ።

አለቃዬ ማሩን ወስዷል። ስለ ኮንትራቱ እስካሁን አላናገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም፣ እየጠበቅሁ ነው።